የጭኑ መርፌ፦ ቫይታሚን ኬ እና የጨቅላ ሕፃናት መድማት

በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን ሰዓት እናቱ ደረት ላይ ጡት ይዞ ካሳለፈ በኋላ ጭኑ ላይ አንድ መርፌ ይወጋል። ዓይኑ ላይ ቅባት ይደረግለታል፣ ይመዘናል፤ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ክንዱ ላይ፣ የፖሊዮ ጠብታ በአፉ ይሰጠዋል። ሁሉም ነገር ስለሚደራረብ ብዙ ወላጆች የጭኑንም መርፌ ክትባት ነው ብለው ያልፉታል። ክትባት አይደለም። አንድ ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ ነው። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ በቂውን አላገኘም፤ ከጡትም በበቂ አያገኝም፤ ደሙ እንዲረጋ ግን የግድ ያስፈልገዋል።

መርፌው ቢቀር አብዛኞቹ ሕፃናት ምንም ሳይሆኑ ያድጋሉ። የሚያሳስበውም ይኸው ነው። ከመካከላቸው የሚደማው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚለይ ምርመራ የለም። በጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ የተስተካከለ፣ በደንብ የሚጠባ ሕፃን በአንድ ወሩ ድንገት ሊደማ ይችላል። ከዚያም የመጀመሪያው ምልክት አንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል።

መንጠቆ የሌላቸው ፕሮቲኖች

ደም ሲፈስ የሚቆመው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቁስሉ አፍ ላይ ተከማችተው ጊዜያዊ ውታፍ ይሆናሉ። ቀጥሎ ጉበት የሚያመርታቸው የደም መርጊያ ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እያስነሣ ያንን ውታፍ በጠንካራ ክር ያስሩታል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አራቱ፣ ማለትም ፋክተር 2፣ ፋክተር 7፣ ፋክተር 9 እና ፋክተር 10፣ ያለ ቫይታሚን ኬ አይጠናቀቁም። ጉበት አካላቸውን ይሠራል፤ ካልሲየምን የሚይዙበትን መንጠቆ የሚያበጅላቸው ግን ቫይታሚን ኬ ነው። መንጠቆ የሌለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ሲዞር ይውላል እንጂ ቁስሉ ላይ ተይዞ ሥራውን አይሠራም።

ለልብ ሕመምተኞች የሚታዘዘው ዋርፋሪን ደምን የሚያቀጥነው ይህንኑ ሥራ በመግታት ነው። ቫይታሚን ኬ የሌለው ሕፃን ዋርፋሪን ከልኩ በላይ እንደወሰደ ሰው ሆኖ ይኖራል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ማንም መድኃኒት አለመስጠቱ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም አይጎድለውም። ፕላትሌቱ የተሟላ ነው፤ ትንሽ ጭረት ብትደርስበት እንኳ ደሙ ለጊዜው የቆመ ሊመስል ይችላል። ከዚያ ውታፉ ይለቅና እንደገና ይንጠባጠባል። ይህ «ቆመ ሲሉት የሚመለስ» መድማት ለበሽታው የተለመደ መልኩ ነው።

ሕፃን ሲወለድ ለምን ይጎድለዋል? ቫይታሚን ኬ በእንግዴ ልጅ በኩል በጣም በጥቂቱ ነው የሚያልፈው፤ በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በእናቱ ደም ካለው ሠላሳ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ እትብቱ ሳይታሰር ትንሽ መቆየቱ ለደም ማነስ ቢጠቅምም ለቫይታሚን ኬ አይተካም። የሕፃኑ ጉበት ያጠራቀመው ክምችትም ትንሽ ነው። ትልቅ ሰው አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የተወሰነ ቫይታሚን ኬ ያመርታሉ፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ግን እነዚያን ባክቴሪያዎች ገና አላፈራም።

ቀሪው ጡት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ማየት ይሻላል። አንድ ሊትር የእናት ጡት ወተት በግምት ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ ይይዛል። ሕፃኑ በቀን ሦስት አራተኛ ሊትር ቢጠባ የሚያገኘው ከ1 እስከ 3 ማይክሮግራም ነው። የዱቄት ወተት በፋብሪካ ስለሚጨመርበት በሊትር 50 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ከሳምንታት በኋላ ዘግይቶ የሚመጣው መድማት ጡት ብቻ በሚጠቡ ሕፃናት ላይ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያነበበች እናት ግን ጡት ለመተው ምክንያት አድርጋ እንዳትወስደው አደራ እንላለን። ጡት ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይጠብቀዋል፤ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም አንድ መርፌ ይሞላዋል። አንድ ሚሊግራም ማለት 1000 ማይክሮግራም ነው፤ ጭኑ ሥጋ ውስጥ እንደ ጎተራ ተቀምጦ ለሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል።

«ጎመን በደንብ እበላለሁ» የሚለውም መልስ አይሆንም። ጎመን በእርግጥ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፤ ለአራሷም ይጠቅማታል፤ ወደ ወተቱ የሚሻገረው ግን ኢምንት ነው። ለአራስ ልጅ የሚላሰው ቅቤም እንዲሁ፤ የሚይዘው ቫይታሚን ለቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ ሕፃኑን ከጡት በማዘግየት ይጎዳዋል።

መድማቱ የሚመጣባቸው ሦስት ጊዜያት

የበሽታው ታሪክ ረጅም ነው። ቻርልስ ታውንሰንድ የተባለ የቦስተን ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደሙ 50 ሕፃናትን አስመልክቶ በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጽፏል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ምክንያቱ የተገኘው በጫጩቶች ነው። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ስብ የሌለበት መኖ የሚበሉ ጫጩቶች ያለ ልክ እንደሚደሙ አየና፣ የጎደላቸውን ነገር በ1935 «ቫይታሚን ኬ» አለው፤ «ኬ» የመጣችው ደም መርጋትን ከሚያመለክተው የዴንማርክና የጀርመንኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ዳም ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለሁሉም አዲስ ለተወለዱ ሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው በ1961 ነው።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚከሰተው መድማት ብዙውን ጊዜ እናቲቱ በእርግዝናዋ ከወሰደችው መድኃኒት ጋር ይያያዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶቹ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ፤ እንዲሁም ዋርፋሪን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ፌኖባርቢታልና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች በአገራችን በብዛት የሚታዘዙ ስለሆኑ ነገሩ ሩቅ አይደለም። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከዚህ የከፋ አደጋ ያመጣል። የሚገባው ለእርግዝና ክትትል ለምታያት አዋላጅ መንገር፣ ቤት አለመውለድ፣ ሕፃኑም መርፌውን ሳይዘገይ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። እትብቱ ይደማል፣ አፍንጫው ይደማል፣ ደም ያስመልሰዋል፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። መርፌው በማይሰጥበት ቦታ ከ10,000 ሕፃናት ከ25 እስከ 170 በሚሆኑት ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሰብ አለበት፤ ግርዛት። በክርስቲያኑ ወግ ወንድ ልጅ የሚገረዘው በስምንተኛው ቀን ነው፤ በሰባተኛው ቀን የሚያስገርዙ ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ። ቫይታሚን ኬ ያልተሰጠው ሕፃን የመርጊያ ፕሮቲኖቹ ገና ባልጠነከሩበት ሰሞን ምላጭ ይገጥመዋል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስን ከድድ ማስወጣትማ ለማንኛውም ሕፃን ጎጂ ናቸው፤ መርፌውን ላልወሰደ ሕፃን ደግሞ ለሞት ሊያበቁ ይችላሉ። ልጅዎን ሊያስገርዙ ከሆነ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ቫይታሚን ኬ ወስዷል? ወስዶም ከደማ፣ ወይም በእናቱ ወገን ሲገረዙ የደሙ ወንድሞችና አጎቶች ካሉ፣ ሌላ በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት በሽታ ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገረው።

ሦስተኛው ጊዜ እጅግ የሚያስፈራው ነው። ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ወር ሊመጣ ይችላል፤ የሚበዛው ግን ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ ክርስትና የሚነሣበት፣ ሕፃናት በ45 ቀናቸው ለመጀመሪያው ዙር የጭን ክትባት የሚሄዱበት ሰሞን ማለት ነው። ቤተሰቡ «አሁንስ ልጁ ጠነከረ» ብሎ ልቡ ያረፈበት ጊዜ ነው። መርፌ ካልወሰዱ 100,000 ሕፃናት ከ4 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፤ በአንዳንድ የእስያ አገሮች ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ቁጥሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ከሚደሙት ከግማሽ ያህሉ የሚደሙት አንጎላቸው ውስጥ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ይሞታል፤ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ከሚጥል በሽታ፣ ከአካል መስነፍ ወይም ከዕድገት መዘግየት ጋር ይኖራሉ። ልጁ አልወደቀም፤ ማንም አልመታውም።

አንዳንዶቹ ሕፃናት ከትልቁ መድማት በፊት ትንሽ ምልክት ያሳያሉ፤ ከአፍንጫ ወይም ከአፍ የሚወጣ ጥቂት ደም፣ ያለ ምክንያት የታየ ሰማያዊ ምልክት፣ ክትባት የተወጋበት ቦታ ደም አልቆም ማለቱ። እነዚህን እንደ ቀላል አይተው የሚያልፉ ቤተሰቦች ብቻ ሳይሆኑ ጤና ባለሙያዎችም አሉ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ያለ ምክንያት ከደማ፣ ደሙ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

መርፌው እንዴት ይሰጣል፣ የትስ ላይ ይሳሳታል?

በጊዜው ለተወለደ ሕፃን መጠኑ 1 ሚሊግራም ሲሆን በጭኑ መካከለኛ ክፍል፣ ከፊት ወደ ውጭ ባለው ጎን፣ ሥጋ ውስጥ ይወጋል። መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። ጊዜው የመጀመሪያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከ ስድስተኛው ሰዓት ቢሰጥ ይመረጣል። እናት እያጠባችው ቢወጋ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ከ1500 ግራም በታች ለሆኑ መጠኑ በክብደታቸው ይሰላል፤ በኪሎ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊግራም።

የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ አምፑሎች በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም የያዙ ናቸው። ስለዚህ ለሕፃኑ የሚያስፈልገው 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የአምፑሉ አንድ አሥረኛ። ይህን በ2 ወይም በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በትክክል መለካት አይቻልም፤ መርፌው አንገት ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽ ብቻውን ከመጠኑ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ቀጭን ሲሪንጅ ያስፈልጋል። ሌላ ዓይነት አምፑል ደግሞ በግማሽ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል፤ እሱ ሙሉውን ይሰጣል። ሁለቱን ያቀላቀለ ወይ አምስት እጥፍ ይሰጣል፣ ወይ አንድ አምስተኛውን። አምፑሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በየተራው ማንበብ እንጂ «ሁልጊዜ የምንሰጠው ይኸው ነው» ማለት አይበቃም።

መድኃኒቱ ኬ1 (ፋይቶሜናዲዮን) መሆኑም ይረጋገጥ። ቀደም ሲል ይሰጥ የነበረው ኬ3 (ሜናዲዮን) የሕፃናትን ቀይ የደም ሕዋሳት እያፈረሰ ከባድ የቆዳና የዓይን ቢጫነት ስለሚያስከትል ለጨቅላዎች መስጠቱ ቀርቷል። ቫይታሚኑ ብርሃን ያበላሸዋልና ከካርቶኑ ወጥቶ መስኮት ላይ መቀመጥ የለበትም። የደፈረሰ ወይም የተለያየ ፈሳሽ የያዘ አምፑል ይጣላል።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት የአምፑል መቀያየር ነው። በወሊድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ለእናት ደም ማቆሚያ የሚሰጡት ኦክሲቶሲንና ኤርጎሜትሪን ከቫይታሚን ኬ ጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አምፑሎቹም ይመሳሰላሉ። ለሕፃን በስሕተት የተሰጠ ኤርጎሜትሪን ትንፋሽ ሊያቆምና የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል፤ በተለያዩ አገሮች ደርሷል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የእናትና የሕፃን መድኃኒት በአንድ ትሪ ላይ አይቀመጥ፤ ሲሪንጁ ተሞልቶ ያለ ስም አይቀመጥ፤ ለሕፃኑ የሚቀዳው የእናቲቱ መድኃኒት ከተሰጠና አምፑሉ ከተጣለ በኋላ ይሁን።

መርፌው መሰጠቱን መዝግቦ ማስቀመጥ የሚባለው ነገር ደረቅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ከአምስት ሳምንት በኋላ ራሱን ስቶ ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቫይታሚን ኬ ወስዷል?» ብሎ ነው፤ «አንድ መርፌ ወግተውታል» የሚለው መልስ የሳንባ ነቀርሳውን ይሁን ይህን አይለይም። ከጤና ተቋሙ ሳትወጡ ካርዱ ላይ መጻፉን እዩ።

በ2019 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ግማሽ እንኳ አልሞሉም ነበር። ቤት የተወለደ ልጅ ይህን መርፌ ሳያገኝ ይቀራል። ቀኑ አለፈ ተብሎ ግን አይተውም፤ ሕፃኑን በማግስቱም ሆነ በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። አራሷ መውጣት ካልቻለች አባት ወይም አያት ይዘውት መሄድ ይችላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራሷን ልትጠይቅ ስትመጣም ይህን ማንሣት ይገባል።

በአፍ ቢሰጥስ?

በአፍ የሚሰጥ ቫይታሚን ኬ አለ። ከመርፌ የተሻለ አይደለም፤ ከምንም ግን ይሻላል። ችግሩ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አለማብቃቱ ነው። በብሪታንያ የሚሰጠው 2 ሚሊግራም ሲወለድ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጡት ብቻ ለሚጠቡ ደግሞ በአንድ ወራቸው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገማል። አንዱ ከተረሳ ጥበቃው ይቀንሳል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ቫይታሚን ኬ በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በሐሞት እየታገዘ ነው። የሐሞት መተላለፊያ ቱቦው የተዘጋበት ሕፃን በአፉ የተሰጠውን በበቂ መምጠጥ አይችልም፤ ይህ ሕመም እንዳለበት ደግሞ በተወለደ ሰሞን አይታወቅም። ኔዘርላንድስ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በየቀኑ 25 ማይክሮግራም በአፍ ትሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ይህ የሐሞት ቱቦ ችግር ከነበረባቸው ጡት የሚጠቡ ሕፃናት አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ደምተው ነው። ዴንማርክ በየሳምንቱ 1 ሚሊግራም በመስጠት የተሻለ ውጤት አግኝታ ነበር፤ እዚያም ቆይቶ ወደ መርፌው ተመልሰዋል። መርፌ የሐሞትን እርዳታ አይጠብቅም።

የሚሰሙ ፍርሃቶች

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች ከወሊድ በፊት የስምምነት ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ወይም በኢንተርኔት ስለዚህ መርፌ ሲያነቡ የሚያጋጥማቸው ፍርሃት አለ። ትልቁ «ካንሰር ያመጣል» የሚለው ነው። ይህ ከባዶ አልተነሣም። በብሪታንያ በብሪስቶል ከተማ በ1992 የወጣ ጥናት የሥጋ መርፌውን ከሕፃናት ካንሰር ጋር ያያያዘ ነበር። ጥያቄው ከባድ ስለነበር በብዙ አገር ተመረመረ፤ በስዊድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት መዝገብ ታየ፤ ግንኙነቱ አልተገኘም። ዛሬ ይህ ፍርሃት የሚቆምበት መሠረት የለውም።

ሌላው በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ያለው ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ስለ ከባድ አለርጂ ሲሆን፣ በይበልጥ የሚመለከተው በደም ሥር በፍጥነት የሚሰጠውን ነው። በሥጋ ለሚሰጠው አንድ ሚሊግራም ይህ አደጋ እጅግ የራቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የተወጋበት ቦታ መቅላትና ትንሽ ማበጥ ነው።

መርፌውን መተው ምን እንደሚያመጣ በ2013 የአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ አሳይታለች። ከየካቲት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ሳምንት የሆነ አራት ሕፃናት ደምተው አንድ የሕፃናት ሆስፒታል ገቡ፤ ሦስቱ አንጎላቸው ውስጥ፣ አንዱ አንጀቱ ውስጥ። አራቱም መርፌውን ወላጆቻቸው እንዲቀር ያደረጉባቸው ነበሩ። ነገሩን የመረመረው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሆስፒታል ውጭ ባሉ የማዋለጃ ቤቶች ከተወለዱት 28 በመቶ መርፌውን እንዳልወሰዱ አገኘ። መርፌ ያልወሰደ ሕፃን በሦስተኛው ጊዜ የመድማቱ ዕድል ከወሰደው 81 እጥፍ እንደሚበልጥ ይኸው ማዕከል ይገልጻል።

የሚያስደነግጥና የማያስደነግጥ ደም

በመጀመሪያው ሳምንት በሴት ሕፃን የሽንት ጨርቅ ላይ ከብልቷ የወጣ ጥቂት ደም ቢታይ ከእናቷ በተሻገሩ ሆርሞኖች የሚመጣ ነው፤ በራሱ ይቆማል። የጡብ ቀለም ያለው የሽንት ምልክትም ደም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በቂ አለመጥባቱን የሚናገር የጨው ቅንጣት ነው። ጡቷ የተሰነጠቀ እናት ልጇ ደም ቢያስመልስ የዋጠው የእሷን ደም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው፣ ግምት አይደለም። እትብቱ ሲወድቅ የሚታዩ ሁለትና ሦስት ጠብታዎች የተለመዱ ናቸው።

ጨርቁን የሚያረጥብ፣ ሲጠረግ የሚመለስ የእትብት ደም ግን የተለመደ አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ቅቤ፣ አመድ ወይም ሌላ ነገር አይደረግበት። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በጠቅላላው ያለው ደም ሩብ ሊትር ገደማ ነው። አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ 50 ሚሊ ሊትር ቢፈስሰው ከደሙ አምስተኛውን አጣ ማለት ነው።

አንጎል ውስጥ የሚደማ ሕፃን ከውጭ ደም አያሳይም። ጡት እምቢ ይላል፤ ደጋግሞ ያስመልሳል፤ ለቅሶው ይቀጥናል ወይም ማቃሰት ብቻ ይሆናል፤ ይገረጣል፤ ርግብግቢቱ ይወጠራል፤ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሲቀሰቀስ አይነቃም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ልክፍት ወይም ዓይን ነው ብሎ ያስባል። ጸበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ መቅደም ያለበት ግን ሆስፒታል ነው፤ በዚህ ሕመም ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ሆስፒታል ሲደርስ የደም መርጊያ ጊዜው ይለካል። በጣም ረዝሞ፣ ፕላትሌቱና ፋይብሪኖጅን የተባለው ሌላው የመርጊያ ፕሮቲን ደኅና ከሆኑ ጥርጣሬው ወደዚህ ያዘነብላል፤ ቫይታሚን ኬ ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ከተስተካከለ ደግሞ ይረጋገጣል። ውጤቱን ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ናሙናው እንደተወሰደ ሕክምናው ይጀመራል። ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ሥጋ ላይ መውጋት ጭኑ ውስጥ ደም ስለሚያጠራቅም የደም ሥር ወይም ከቆዳ በታች ያለው መንገድ ይመረጣል። መድማቱ ከባድ ከሆነ ጉበት አዲስ ፕሮቲን እስኪያደርስ አይጠበቅም፤ የተዘጋጀ ፕሮቲን ያለበት ፕላዝማ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። የአንጎል ምስል የሚነሣው ይህ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ የደም አለመርጋቱ ሳይስተካከል ወደ ቀዶ ሕክምና አይገባም።

ደሙ ከቆመ በኋላ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ቫይታሚኑ የጎደለው መርፌ ስላልተሰጠ ብቻ ነው ወይስ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ? የቆዳው ቢጫነት ከ14 ቀን በላይ የቆየ፣ ሰገራው እንደ ነጭ ጭቃ የገረጣ፣ ሽንቱ ጨርቅ የሚያቀልም ሕፃን የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሐሞቱ የሚወርድበትን መንገድ የሚያበጅለት ቀዶ ሕክምና ይበልጥ የሚሳካው ከ60 ቀን ዕድሜ በፊት ሲሠራ ነው። ስለዚህ ማንኛውም በጨቅላነቱ የደማ ሕፃን ከመውጣቱ በፊት የሰገራው ቀለም ይታይ፤ በሐሞት ቱቦው ላይ ችግር ከተገኘም በኋላ ቫይታሚን ኬ በተከታታይ ይሰጠዋል። አንጎሉ ውስጥ የደማው ደግሞ የጭንቅላቱ ዙሪያ በየጊዜው በሜትር ይለካል፤ ከዕድሜው ፈጥኖ ካደገ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ይላካል።